ቃለ ጉባኤ ላይ የተጻፈ ሳቅ

ጥር 15፣ ሐሙስ

አዘዞ የአንድ ሰው ግቢ ስንለካ ዋልን። ምንም ወሬ የሌለው ሥራ። ለዚህ ነው መሰለኝ ተንኮሌ የተነሳው። የመለኪያ መነጽሩን ዓይን ማሳረፊያ ዙሪያውን ጥላሸት ቀባሁት። አለቃዬ ኢንጂነር አንዱዓለም ዓይኑን ለጥፎ አየ፣ ጻፈ፣ ደግሞ አየ… ከዚያ ጥቁር ክብ ዓይኑ ላይ ይዞ ከባለ ግቢው ጋር ቁም ነገር ሲያወራ ዋለ። ሰውዬው በጨዋ ደንብ መሬት መሬት ያያል። እኔ ከመኪናው ጀርባ ሆዴን ይዤ…

ይህን ተንኮል መጀመሪያ የሠራሁት የድሮ አለቃዬ አያ ጎሹ ላይ ነበር። ስምንት ዓመት ሞላው? ሞላው። ቴክኒክ ትምህርቴን ሁለተኛ ዓመት ላይ ጥዬ ስንከራተት መለኪያ ዘንግ አስይዘው የቀጠሩኝ እሳቸው ናቸው። ከወቅን ወዲያ ደጋው ላይ ነበርን። ብርዱ! በዚያ ጥቁር ዓይናቸው ቤተ ክርስቲያን ሊሳለሙ ሄዱ። ቄሱ "አያ ጎሹ፣ ማን መታዎት?" አሏቸው። ሲገባቸው "አንቺ ወፈፌ!" ብለው ሳቁ።

በማግስቱ መንገዱ ዳር የከፍታ ምልክት ተከልን፣ አጭር የሲሚንቶ ካስማ። ሲሚንቶው ሳይደርቅ በሚስማር የእሳቸውን ፊት ሣልኩበት። ፂም በፂም። ለዚያ ግን አልሳቁም። "ይሄን እኮ ከእኛ በኋላ የሚመጣ ሁሉ አምኖ ይለካበታል" አሉ።

ዛሬ ይሄ ሁሉ ምን ብሎ ትዝ አለኝ? እሁድ የማኅበራችን ምርጫ ስለሆነ ይሆናል። ጡረታ ከወጡ ወዲህ የማገኛቸው እዚያ ብቻ ነው። ይመጣሉ። ከኋላ ቁጭ ብለው ይተኛሉ።

ጥር 18፣ እሁድ

ምን አደረግኩ እኔ?

የመሐንዲሶች ማኅበር ቅርንጫፋችን ሊቀመንበር ሊመርጥ ተሰበሰበ። የቢሮ ሰዎቹ አንዱዓለምን ያዙ፣ የሥራ ተቋራጮቹ ሐብተ ማርያምን። ሁለት ሰዓት ሙሉ ንትርክ። እኛ ዘንድ ደግሞ ወግ አለ… ጠቋሚ ስም ጠርቶ ብቻ አይቀመጥም። የተጠቆመው ሰው የሠራውን፣ ዛሬም የቆመ አንድ ሥራ መናገር አለበት። አንዱ የአንዱዓለምን ባለ አራት ፎቅ ሲያነሳ፣ ከወዲያ "ያዘመመውን ነው?" አሉ። ጠብ ሊሆን ነው።

ሰለቸኝ። ትምህርቴን ስላልጨረስኩ ተባባሪ አባል ብቻ ብሆንም መጠቆም አልተከለከልኩም። ብድግ አልኩ። "አያ ጎሹን እጠቁማለሁ!"

አያ ጎሹ አገጫቸው ደረታቸው ላይ ወድቋል።

"የቆመ ሥራ?" አለ ሰብሳቢው።

"ፀዳ ላይ የሠሩት ድልድይ! ውሃ ባይኖርበትም ቆሟል። ካላመናችሁ ከሥሩ የሚተኙትን ፍየሎች ጠይቁ!"

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ያንን ድልድይ የማያፌዝበት የለም፣ ሥሩ ጠብታ ውሃ የለማ። ሰብሳቢው እንባውን እየጠረገ "ተጠቋሚው ካልተቃወሙ ይያዝ" አለ። የተኛ ሰው በምን አፉ ይቃወማል? ከዚያ እጅ ማውጣት መጣ። የቢሮዎቹ ሐብተ ማርያም እንዳያልፍ፣ ተቋራጮቹ አንዱዓለም እንዳያልፍ… ሁሉም ለአያ ጎሹ!

ጭብጨባው ቀሰቀሳቸው። "ምንድን ነው?" አሉ። "ተመርጠዋል!" ተባሉ። ቆሙ። ኮታቸውን ቆለፉ። ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

"ረስታችሁኝ መስሎኝ ነበር" አሉ።

ጥር 19፣ ሰኞ

ዛሬ ዘንጉን ሁለቴ የተሳሳተ ቦታ ተከልኩ። ረስታችሁኝ መስሎኝ ነበር…

ጥር 27፣ ማክሰኞ

ቀልድ እንደነበር ልነግራቸው ፀዳ ወዳለው ቤታቸው ሄድኩ። ኮታቸው ታጥቦ ገመድ ላይ ተሰጥቷል። ደብተር አወጡ። ወጣቶቹን በየወሩ መስክ ይዘው ሊወጡ፣ የድሮ ሥራዎችን ሊያሳዩ… ሁለት ገጽ ሞልተዋል። ጽሕፈታቸው እንደ ድሮው ሸጋ።

"ለመሆኑ ማን ጠቆመኝ?" አሉ።

"ብዙ ሰው ነው አያ ጎሹ…" አልኩ። ውሸታም!

"ግድ የለም፣ ቃለ ጉባኤው ላይ አገኘዋለሁ። የካቲት 16 ስብሰባ ላይ አንብቤ መፈረም አለብኝ።"

ቃለ ጉባኤውን ረስቼው!

የካቲት 5፣ ረቡዕ

የማኅበራችን ጸሐፊ እትዬ እጅጋየሁ ቢሮ ሙዝ ይዤ ገባሁ። ሙዙን አየችው፣ እኔን አየችኝ።

"ምን አጥፍተሽ ነው?"

መዝገቡን አስገለጥኳት። እንዲህ ይላል፦ ጠቋሚ፣ ፀደይ አለነ… እኔው። የቆመ ሥራ፣ ውሃ የሌለበት የፀዳ ድልድይ። በቅንፍ፣ ረጅም ሳቅ።

"እትዬ፣ እባክሽ አጥፊልኝ።"

"ቃለ ጉባኤ አይፋቅም።"

"እሺ ረጅም የሚለውን እንኳ…"

"ረጅም ነበር።"

"ሲያነቡት ልባቸው ይሰበራል እኮ!"

"ስትለፈልፊ የት ነበርሽ? ሃያ ስድስት ዓመት ስጽፍ አንዲት ቃል ፍቄ አላውቅም። ስብሰባ ላይ ሰው ቢያስል እንኳ እጽፈዋለሁ።"

ሙዙን ግን በላችው።

የካቲት 16፣ እሁድ፣ ቅበላ

ጠዋት ፀዳ ሄጄ አብረን ሚኒባስ ተሳፈርን። የታጠበውን ኮት ለብሰዋል። አጠገባችን ለቅበላዋ ዶሮ ያቀፈች ሴትዮ። ልንገራቸው? አሁን? አዳራሽ ውስጥ ከሚያነቡት…

"አያ ጎሹ፣ የጠቆምኩዎ እኔ ነኝ።"

"እ?" ጆሯቸው ደክሟል።

"እኔ ነኝ የጠቆምኩዎ!"

"እ?"

"እኔ ነኝ! ለቀልድ ነው! የቆመ ሥራዎ ብዬ የፀዳውን ድልድይ ጠራሁ! ሁሉም ሳቀ!"

ሚኒባሱ በሙሉ ወደ እኔ ዞረ። ረዳቱ "ወራጅ አለ?" ማለቱን ተወ። ዶሮዋ እንኳ ዝም አለች። ሴትዮዋ "ምነው ልጄ፣ በትልቅ ሰው?" አለችኝ።

ልክ ያን ጊዜ ድልድዩ ጋ ደረስን። በመስኮት አዩት። ሥሩ ሁለት ፍየል ተኝቷል።

"ስንሠራው ወንዝ ነበረው" አሉ። "ክረምት ሁለት ሰው የወሰደ ወንዝ። ኋላ ከላይ ቤት ሲሠራ ውሃውን ወደ ሌላ ጠለፉት። ድልድዩ ምን ያድርግ? ቆሞ ቀረ።"

ድልድዩን እንዳለፍን፣ "ስንት ጊዜ አብረን አልፈንበታል። አንድ ቀን አልጠየቅሽኝም።"

መስኮቱን እያዩ ሄዱ። እስከ ፒያሳ።

አዳራሹ ውስጥ ቃለ ጉባኤውን ራሳቸው አነበቡት። መነጽራቸውን አድርገው፣ ቃል በቃል። "ረጅም ሳቅ" ሲሉ ድምፃቸው አልተናወጠም። አንድ የሳቀ የለም። ሁሉም ጫማውን ያያል።

"የተጻፈው እውነት ነው" ብለው ፈረሙ። "ወንበሩን ግን ለነቃ ሰው ልልቀቅ።"

አንዱዓለም ሊቀመንበር፣ ሐብተ ማርያም ምክትል… በአምስት ደቂቃ ተስማሙ። አፍረው ነው፣ ወይ ሥጋው ናፍቋቸው። የቀረው ኮሚቴው ውስጥ የእኛ የተባባሪ አባላት ወንበር ነበር። አያ ጎሹ እጃቸውን አወጡ።

"ፀደይን እጠቁማለሁ።"

ሆድ የሚያስይዝ ሳቅ! እትዬ እጅጋየሁ ብዕሯን አነሳች። "የቆመ ሥራ?"

እኔ የቆመ ሥራ የት አለኝና? አሁን ብድራቸውን ሊመልሱ ነው አልኩ። ይበለኝ። አንገቴን ደፋሁ።

"ከወቅን ወዲያ፣ መንገዱ ዳር፣ የከፍታ ምልክት አለ" አሉ። "ጉድጓዱን የቆፈረችው፣ ሲሚንቶውን ያቦካችው እሷ ናት። ባለፈው ወር ወደ ዳባት ሳልፍ ወርጄ ለካሁት። በስምንት ዓመት የጣት ውፍረት እንኳ አልሰመጠም።" ወደ እኔ ዞሩ። "ፂሜም አልረገፈም።"

እጆች አንድ በአንድ ወጡ። ተመረጥኩ።

የካቲት 24፣ ሰኞ

ቅዳሜ ከአያ ጎሹ ጋር ድልድዩ ሥር ዋልን። ፍየሎቹን አስነስተን። ጠየቅኳቸው፣ ነገሩኝ። ወንዙ ከየት ይመጣ እንደነበር፣ ግንበኞቹ ምን እያሉ ይዘፍኑ እንደነበር፣ የትኛውን ድንጋይ ማን እንዳስቀመጠ። ሦስት ገጽ ጻፍኩ። ስምንት ዓመት ሙሉ ምን ስሠራ ነበር?

ዛሬ እንደ ኮሚቴ አባል የመጀመሪያ ፊርማዬ። መዝገቡን አነበብኩት። ጠቋሚ፣ ጎሹ ኪዳነወልድ። የቆመ ሥራ፣ የከፍታ ምልክት። በቅንፍ ምንም የለም።

"እትዬ፣ ሳቁስ?"

"አልሰማሁም" አለች ሳል እንኳ የምትጽፈዋ ሴትዮ።

ፈረምኩ። ከፊርማዬ ጎን አንድ ትንሽ ፊት ሣልኩ፣ ፂም በፂም። እትዬ እጅጋየሁ ጮኸች።

ምን ታደርጋለች? አይፋቅም።