ላንጋኖ የሄድንባት እሑድ

እሑድ፣ ሐምሌ 6። ከቀኑ 10 ሰዓት

ዝናብ። እንደገና። ከቀበሌ ስብሰባ አሁን መግባቴ ነው፤ ጫማዬ ጭቃ ብቻ። ሦስት ሰዓት ሙሉ ስለ ምርት ተወራ። እኔ ከኋላ ተቀምጬ አንድ እግር ካልሲ ሠርቼ ጨረስኩ። ከአዳራሹ ሁሉ የሆነ ነገር ያመረትኩት እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

ስሚኝ ማስታወሻዬ፣ ሽርሽር ልንሄድ ነው! ታደሰ ከዚህም ከዚያም ያሰባሰበው የቤንዚን ኩፖን ሞላለት። ባሌ ሰዓት ሠሪ ነው፤ ፒያሳ ባለችው ሱቁ ቀኑን ሙሉ መነጽር ዓይኑ ላይ ሰክቶ ይውላል። የሽርሽሩንም ፕሮግራም በደቂቃ አወጣው። ከጠዋቱ 12 ሰዓት መነሳት። ሰዓት እላፊ ሳይደርስ፣ እንዲያውም ሳይመሽ፣ ሰፈራችን ጊዮርጊስ መግባት።

ክርክሩ የት እንሂድ ነው። እኔ ቢሾፍቱ አልኩ፣ ቅርብ ነው። ታደሰ ላንጋኖ። ልጄ ሂሩት አሥራ ሦስት ዓመቷ ነውና የትም ይሁን፣ ብቻ ውኃ ይኑረው አለች። እማዬ ተጠየቀች። ምጽዋ አለች።

ምን ይባላል? ተወልዳ ያደገችባት ናት። እዚህ አራዳ አርባ ዓመት ኖራ ዛሬም ከምጽዋ ወዲህ ያለውን ሁሉ ኩሬ ነው የምትለው። አንድ ወንድሟ፣ ጋሼ ሀብቴ፣ አሁንም እዚያው ነው። መንገዱ ከተበላሸ ወዲህ አልተያዩም። በዓመት ሦስት አራት ጊዜ ደብዳቤ ይጻጻፋሉ። እሷ ትናገራለች፣ እኔ እጽፋለሁ።

በመጨረሻ ሁሉንም እንይና እናወዳድር ተባለ። ቢሾፍቱ፣ ዝዋይ፣ ላንጋኖ፣ በአንድ ቀን። ሂሩት ነጥብ ትሰጣለች፣ ከአሥር። እማዬ ምጽዋ ሳትፈተን አሥር ይሰጣት አለች። ተሰጣት።

ረቡዕ፣ ሐምሌ 9። መ/ቤት፣ ምሳ ሰዓት

ከአሥመራ ስልክ። ኪዳኔ ነው፣ የጋሼ ሀብቴ ልጅ። መስመሩ ይቆራረጣል። አባዬ ሰኞ ዐረፈ አለኝ። ልቡ። ትናንት ቀበሩት።

እሺ አልኩት። እሺ፣ እሺ። የመ/ቤት ጉዳይ እንደሚነግረኝ ሰው። ስልኩን ዘጋሁ፣ መጸዳጃ ቤት ገባሁ፣ ቧንቧውን ከፍቼ አለቀስኩ። ተመልሼ ስለ ወንበር ግዥ የተጻፈች ደብዳቤ በሦስት ኮፒ ታይፕ አደረግሁ። አንድም ስሕተት የላትም። አይ እኔ!

ሰባት ዓመቴ ላይ እማዬ አንድ ክረምት ወስዳኝ ነበር። ምጽዋን ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። ጋሼ ሀብቴ ትከሻው ላይ አስቀምጦ ባሕር ውስጥ ይዞኝ ገባ። ውኃው ለብ ያለ። ፀጉሩን በሁለት እጄ ጨምድጄ ይዤ ጩኸት፤ እሱ ሳቅ። ማታ ክንዴን ስልሰው ጨው ጨው ይል ነበር። ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆነው፣ ዛሬ ጠረኑ ሁሉ መጣብኝ።

ማታ እማዬ ዓይንሽ ምን ሆነ አለችኝ። ጉንፋን አልኳት። ዳማከሴ ጨምቃ አመጣችልኝ።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 10

ከእትዬ አስካለ ጋር መከርን። ጎረቤታችን ናቸው፤ በሰፈራችን መርዶ ያለሳቸው አይነገርም። ወጉን አንቺም ታውቂዋለሽ። ሐዘን እንደ ተራ ወሬ ጣል አይደረግም። ዘመድ ይሰበሰባል፣ ጎረቤት ይጠራል፣ ጎሕ ሲቀድ ተሂዶ ይነገራል። በዚያ ላይ የእማዬ ደም ብዛት አለ።

ታደሰ ሽርሽሩ ይቅር አለ። እትዬ አስካለ በፍጹም! አሉ። ቢቀር ወዲያው ትጠረጥራለች። ደግሞም አንድ ቀን ደስ ይበላት፤ ከዚህ በኋላ መቼ ሊላት ነው? ልቧ ጠገብ ብሎ ቢሰማ ይቀልላታል። ሰኞ ንጋት 11 ተኩል ላይ ይዣቸው እመጣለሁ አሉ።

እውነት መሰለኝ። ፍቅርም መሰለኝ። እኔም ተስማማሁ።

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 12

እማዬ ከሣጥኗ ሥር ሰማያዊ ቀሚስ አወጣች። የምጽዋ ቀሚሷ ናት፤ ወገቧ ላይ ጠብባለች። ጎን ጎኑን ተርትሪልኝ ብላኝ ቁጭ ብዬ ስተረትር አመሸሁ። እሷ እንቁላል እየቀቀለች በትግርኛ ታንጎራጉራለች። ሂሩት አያቷን እያየች ትስቃለች። እኔ መርፌ ጣቴን ወጋኝ ብዬ ወጣሁ። መርፌም አልወጋኝ።

እሑድ፣ ሐምሌ 13። ጠዋት 2 ሰዓት፣ ቢሾፍቱ

እዚሁ መኪና ውስጥ እየጻፍኩ ነው። ቮልሷ አራታችንንና የእማዬን ቅርጫት ይዛ እስካሁን ደህና ናት። ስንነሳ ፒያሳ ጉም ለብሳ ነበር፤ የራስ መኮንንን ድልድይ እንኳ አላየነውም። እዚህ ፀሐይ! እግዚአብሔር ይመስገን።

ሆራ ሐይቅ። ከላይ ሆነው ሲያዩት ያምራል። ሆቴሉ በረንዳ ላይ ሰዎች ከጠዋቱ ቢራ ይዘዋል። እማዬ ግን ከላይ ሆኜ አልፈርድም ብላ በሂሩት ክንድ ተደግፋ ያን ሁሉ ቁልቁለት ወረደች። ጣቷን ነክራ ላሰች። ይሄ ጉድጓድ ውስጥ የተጠራቀመ ዝናብ ነው አለች። አሸዋ የለ፣ ጨው የለ። አራት ከአሥር።

4 ሰዓት ተኩል፣ ዝዋይ

ደንገልና ወፍ። የሚዋኝበት ባይሆንም የሚበላበት ነው። የተጠበሰ ዓሣ ገዛን። እማዬ አጥንቱ በዛ፣ የቀይ ባሕር ዓሣ እንዲህ ጨቅጫቃ አይደለም አለች። እየተናገረች ሁለት ጨረሰች። ስድስት። ለዓሣው ብቻ።

ታደሰ በመስተዋት ያየኛል። እኔ አላየውም።

9 ሰዓት፣ ላንጋኖ

ማስታወሻዬ፣ እዚህ ምን ብዬ ልጀምር?

ውኃው ቡናማ ነው። ታደሰ እዚህ ድረስ ነድቼ የመጣሁት ለማኪያቶ ነው? ፒያሳ መች ጠፋ! አለ። ሁላችንም ሳቅን፣ እኔም። የሣር ጃንጥላዎች፣ ድንኳን የተከሉ ፈረንጆች፣ ኳስ የሚያባርሩ ልጆች። አሸዋው ያቃጥላል። እማዬ ጫማዋን አወለቀች። ጣቶቿን አሸዋው ውስጥ ቀበረቻቸው።  አሸዋውስ አሸዋ ነው አለች።

ቀመሰችው። ጨው የለውም፣ በርበሬ የሌለው ወጥ ነው አለች። ግን አልተመለሰችም። ቀስ፣ ቀስ፣ እስከ ጉልበቷ፣ እስከ ወገቧ፣ ቀሚሷ ዙሪያዋን እንደ ጃንጥላ ተነፋ። ከዚያ ጀርባዋን ለውኃው ሰጠችና ተንሳፈፈች። ስልሳ አራት ዓመቷ ነው! ሂሩት ጮኸች። እኔም ጮኽኩ። ሀብቴ ነው ያስተማረኝ፣ አባታችን ተኝቶ እያለ ተደብቀን፣ አለች ሰማይ ሰማይ እያየች። ሂሩትን ጠርታ ከጀርባዋ ደግፋ አስተማረቻት። አትፍሪ፣ ጀርባሽን ስጪው፣ ይሸከምሻል። ስትስቅ የቀሩት ጥርሶቿ ሁሉ ታዩ። እንዲህ ስትስቅ ያየኋት መቼ ነው? ልጅ እያለሁ። ደስ አለኝ። እውነቴን ነው፣ ረስቼው ደስ አለኝ። ከዚያ ትዝ አለኝ።

ላንጋኖ ስምንት ተኩል አገኘ። የጎደለው ለጨው።

ይሄም ይጻፍ። ምሳ በላን፣ እማዬ በነጠላዋ ፀጉሯን አደረቀች፣ ከዚያ ደብተር አምጪ አለችኝ። ለሀብቴ ጻፊልኝ። የሂሩትን የነጥብ ደብተር ወሰድኩ። ሂሩትም አታውቅም፤ እርሳሷን ቀርጻ ሰጠችኝ። ታደሰ ተነስቶ ወደ መኪናው ሄደ።

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ። ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል?

ጻፍኩት። በዚህ እጄ።

ዛሬ ልጆቼ ሦስት ውኃ አሳዩኝ። አንዱ ጉድጓድ ነው። አንዱ ዓሣ አለው። ሦስተኛው አሸዋ አለው፣ ጨው ግን የለውም። አንድ ኩንታል ጨው ብትልክልኝ ምጽዋ አደርጋት ነበር። እንዳስተማርከኝ ተንሳፍፌያለሁ፣ ገላዬ አልረሳውም። የልጅ ልጄንም አስተማርኩልህ። በሚመጣው ዓመት...

እዚህ ላይ ታደሰ ክላክስ አደረገ። ሰዓት ሰዓት! እማዬ ቀሪውን ቤት እንጨርሰዋለን አለች።

ሰኞ፣ ሐምሌ 14

11 ተኩል። ዝናቡ ቆሟል። እትዬ አስካለ ከፊት፣ ነጠላ ያዘቀዘቁ አሥራ አምስት ሰዎች ከኋላ። እማዬ ነቅታ ነበር፤ አልጋዋ ላይ ቁጭ ብላ ከፀጉሯ አሸዋ ታበጥራለች። አየቻቸው። ማን? አለች። ሀብቴ አሏት።

ሐወይ! ሐወይ! አለች በትግርኛ፣ ወንድሜ! ወንድሜ! ማበጠሪያው ወደቀ።

ከዚህ በላይ ዛሬ አልጽፍም።

ረቡዕ፣ ሐምሌ 16። ሠልስት

ኪዳኔ ከአሥመራ መጣ። ድንኳኑ ውስጥ እማዬ አጠገብ ተቀመጠ። ምስኪን፣ ማንም አላስጠነቀቀውም፤ እኔ እንኳ አላሰብኩትም። እንዴት እንደሞተ ጠየቀችው። ነገራት። ሰኞ ዐረፈ፣ ማክሰኞ ቀበርነው፣ ረቡዕ ለእህቴ ደወልኩላት።

እትዬ አስካለ ቶሎ ብለው ውኃ ይምጣላት አሉ። እማዬ እጇን አነሳች። በጣቶቿ ቆጠረች። ረቡዕ፣ ሐሙስ፣ ዓርብ፣ ቅዳሜ። አምስተኛው ጣቷ ላይ ቆመች።

"እሑድ ዕለት ዋኘሁ" አለች።

 ከዚያ ወደኔ ዞራ በቀስታ፣ ሌላ ሰው እንዳይሰማ አድርጋ፣ ያን ደብዳቤ ስትጽፊ ታውቂ ነበር? አለችኝ።

አዎ አልኳት። 

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ሲሉ እሰማ ነበር አለች። የገዛ ልጄ ጆሮዬን ትደፍናለች አላልኩም። ወንድሜ አፈር ለብሶ እኔ ሰማያዊ ለብሼ። ስንት ጊዜ ሳቅሁ? ቆጥረሻል?

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 29

ድንኳኑ ከተነሳ ሁለት ሳምንት ሊሞላ ነው። እማዬ ከኔ እጅ አትበላም። ሂሩት ካቀረበችላት ትጎርሳለች። ሰደበችኝ ወይ? የለም። ደህና አደርሽ፣ ደህና ዋልሽ፣ ይኸው ነው። ብትቆጣኝ በወደድኩ።

እትዬ አስካለ ያልፋል ይላሉ። ለሷ ብለን ነው ይላሉ። ለሷ ብለን ነው፣ አዎ። ግን አስቤው አስቤው አንድ ነገር ገባኝ። የዚያን ቀን ሐዘኑ የኔ ነበር፣ ይዤው ዋልኩ፤ እሷን ግን ከገዛ ወንድሟ ሐዘን አስቀረናት። እኔና ታደሰ እያወቅን እንደ ሕፃን አጫወትናት። ይቆጫታል። እኔንም ይቆጨኛል።

ደብተሩን ልቅደደው ብዬ አንስቼ ነበር። ተመልሼ አስቀመጥኩት። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም።

ቅዳሜ፣ ነሐሴ 17። ከሰዓት በኋላ

ትናንት አርባው ወጣ። ዛሬ ከሥራ ስወጣ ጊዮርጊስ በር ላይ ብርቱካን አየሁ፣ ስንት ጊዜው ከጠፋ! ትወዳለችና ገዛሁ። ገባሁ። እማዬ ብርቱካኑን አየች፣ እኔን አየች።

"ማን ሞተ?" አለችኝ።

አይ ማስታወሻዬ! ለካ እንዲህ አድርጌያታለሁ። ብርቱካን ይዤ ብገባ ሬሳ የምትፈልግ።

ማንም አልሞተም እማዬ፣ ጊዮርጊስን! አልኳት። ማልሽ? አለች። ማልኩ። ስሞቹን አንድ በአንድ ጠራች፣ ኪዳኔ፣ ታደሰ፣ ሂሩት ሱቅ ደርሳ ተመልሳለች? ሁሉም ደህና። ከጎኗ መሬት ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ለጋሼ ሀብቴ እሷ ፊት ያለቀስኩት ያኔ ነው መጀመሪያ። የዚያን ቀን መጸዳጃ ቤት፣ ቧንቧ ከፍቼ እንዳለቀስኩ ነገርኳት። ትከሻው ላይ ተቀምጬ የጮኽኩትንም። ብቻሽን? አለች። ብቻዬን አልኳት።

ብርቱካኑን ላጠች። ግማሹን ሰጠችኝ።

ከዚያ ቃል ግቢልኝ አለች። ከእንግዲህ የሚመጣው የማንም ይሁን፣ ንጋት አትጠብቂብኝ። በር ላይ ንገሪኝ፣ ጫማሽን ሳታወልቂ። ደም ብዛቴን ለኔ ተይልኝ። ቃል ገባሁ። ማታ ለታደሰም እነግረዋለሁ፤ ለኔም መርዶ ቢመጣ በዚያው ቀን ይንገረኝ። እትዬ አስካለ ይቀየሙ።

ጓለይ፣ ያቺን ደብዳቤ አምጪ አለች። አላለቀችም።

ጓለይ አለችኝ! ልጄ ማለቷ ነው። ከሠልስት ወዲህ አልጠራችኝም ነበር።

አመጣሁ። አነበብኩላት፣ ከለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል ጀምሮ። ዓይኗን ጨፍና ሰማች። ጨው ላክልኝ የሚለው ላይ ከንፈሯ ፈገግ አለ። በሚመጣው ዓመት የሚለው ላይ ቆምኩ። እርሳሱን ያዝኩ። የብርቱካን ልጣጩን አንስታ በጣቶቿ አሸችው።

በሚመጣው ዓመት፣ አለች፣ ደግመን ላንጋኖ እንሄዳለን። ያኔ መሞትህን አውቄ እዋኛለሁ በይልኝ።

ጻፍኩ።