ከማቆያው በር ላይ ስለ ወረደው የሆሳዕና ስም

ለተከበሩ ኦቦ ደረሳ፣ የስያሜ ኮሚቴ ሰብሳቢ
ነቀምቴ

አካም ጅርቱ ብዬ ጤናዎን፣ የቤተሰብዎን ደኅንነትና የሥልጣን ዘመንዎን መርዘም ከልብ እመኛለሁ። እኔ ጡረታ የወጣሁ መምህር፣ የአዋላጅ ነርስ ሆሳዕና ቀጀላ ባል ነኝ። ባለቤቴ ሃያ ስድስት ዓመት ስታዋልድ ኖራ ካቻምና አረፈች። ከዚያ በኋላ በእሷ እጅ ልጅ የተወለደለት ቤተሰብ ሁሉ አንድ አንድ ግንድ ባሕር ዛፍ እያመጣ፣ ከገጠር የሚመጡ እርጉዞች ቀናቸው እስኪደርስ የሚያርፉበትን ማቆያ ባኬ ጃማ ሰፈር ሠርቶ በስሟ ጠራው። ኮሚቴዎ ባለፈው ወር ይህን ስም ከበሩ ስላወረደ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1. ሆሳዕና የሌላ ክልል ከተማ ስም ስለሆነ ነቀምቴ ውስጥ በር ላይ ሊጻፍ አይገባም ብለው በማኅተም ስላስተማሩን እናመሰግናለን። ሚስቴ በሆሳዕና ዕለት እዚሁ ወለጋ፣ ሲሬ ተወልዳ አባቷ በበዓሉ የሰየሟት፣ ያንን ከተማ በዓይኗ ሳታይ የሞተች ሴት ናት። የልደት ማስረጃዋን ስናቀርብ ደግሞ በዚሁ ስም የሚጠሩ አንዲት ሯጭና አንዲት ዘማሪ ስላሉ ታዋቂዋ የትኛዋ እንደሆነች ይጣራ ተባልን። ታዋቂ አይደለችም፤ ማጣራቱ እዚያው ላይ ሊያበቃ ይችል ነበር።

2. በምትኩ «ማቆያ ቁጥር ሦስት» ስላሉት እናመሰግናለን። ቁጥር አንድንና ሁለትን ፈልገን አጣን።

3. የድሮው ስም እንዳይነሳ ለጥበቃው የሰጡት ጥብቅ መመሪያ በሚገባ ተፈጽሟል። ነፊሳ የተባለች የሰፋሪ ገበሬ ሚስት ምጥ ጀማምሯት መጥታ የሆሳዕናን ቤት ብትጠይቅ፣ በዚያ ስም የሚጠራ ቤት የለም ተብላ ከበሩ ተመለሰች፤ መንገድ ዳር ባጃጅ ውስጥ ወለደች። እናትና ልጅ የተረፉት በባጃጁ ሾፌር እንጂ በእናንተ አይደለም። ይህን የምጽፈው ተጸይፌያችሁ ነው።

4. የወረደውን ሰሌዳ ፍለጋ ቢሮዎ ጓሮ ድረስ ብሄድ የሽንት ቤት በር ሆኖ አገኘሁት። ጽሑፉ ወደ ውስጥ ዞሯል፤ የሚቀመጥ ሁሉ ስሟን እያነበበ ነው። ቆርቆሮ እንዳይባክን ማሰብዎን አደንቃለሁ፤ ሚስቴን ግን ከዚያ አውጡልኝ።

ስሟ ወደ ማቆያው በር እንዲመለስ በታላቅ ትሕትና እየለመንሁ፣ ለወንበርዎ፣ ለማኅተምዎና ለማያልቀው የስብሰባ ቃለ ጉባኤዎ ያለኝን ጥልቅ አክብሮት እገልጻለሁ።

ፋንታሁን አስናቀው
የሆሳዕና ቀጀላ ባል

ማሳሰቢያ፦ ሁለቱም ልጆችዎ የተወለዱት በሚስቴ እጅ ነው። ሁለተኛው ሲመጣ በዝናብ ደጃችን ቆመው ስሟን ደጋግመው የተጣሩት እርስዎ ነበሩ፤ ያን ዕለት የከተማ ስም ነው አላሉም። እሷም ማን እንደሆኑ እንኳ ሳትጠይቅ ተከትላዎ ወጣች።