ከመርፌው በኋላ ያልመጣው ቁርስ

እማዬ፣ የኔ ጉልበተኛ፣

ከተለየሽኝ ዓመት ሊሞላ ነው። ፍልሰታ ተመልሶ ገባ። ደጀን ላይ ጉሙ ዘንድሮም እንደ አምናው ከዓባይ በረሃ እየወጣ ደጃፋችን ድረስ ይመጣል። ስትጨቀጭቂኝ የኖርሽበት የሚያፈስ ጣሪያ ተሠርቷል። ቆርቆሮው ከተቀየረ ወዲህ የሚያንጠባጥብብኝ የለም፤ የሚጨቀጭቀኝም የለም። ጓሮ የተከልሽው ጌሾ ቁመቴን አልፎ ሄዷል፤ ማን እንደሚቆርጠው እንጃ።

ግን የምጽፍልሽ ስለ ጣሪያና ስለ ጌሾ ልነግርሽ አይደለም። ተናድጃለሁ፣ እማዬ። ዓመት ሙሉ ተናድጄ ነው የከረምኩት፤ ካንቺ ሌላ ደግሞ ንዴቴን «አይዞሽ ይበርዳል» ሳይል የሚሰማኝ ሰው የለም።

ሰው ሁሉ ስለ ሞትሽ ሲያነሣ «ታድላ!» ይላል። በፍልሰታ፣ ጾም ላይ እያለች፣ ቅዳሴ ሳይወጣ፣ ምን ዓይነት የተባረከ ሞት ነው ይሉኛል። ቀብርሽ ላይ የመጦሪያ ቤቱ ሥራ አስኪያጅ ራሱ ተነሥቶ «እማማ ጥሩወርቅ ጾሜን አልገድፍም ብለው እንደ ጻድቃን አረፉ» ብሎ ተናገረ። ያኔ ያላለቀሰ ሰው አልነበረም። እኔም አለቀስኩ፤ አምኜው ነበር እኮ!

መጦሪያ ቤቱን የመረጥሽው አንቺ ነሽ። እኔ ሳስተምር ስለምውል የስኳር መርፌሽን በሰዓቱ የሚወጋሽ ሰው እንደሌለ ሳወራ ሰምተሽ፣ «ደብረ ማርቆስ ነርስ ያለበት፣ የቅዳሴው ድምፅ አልጋ ድረስ የሚሰማበት ቤት አለ፤ እዚያ ውሰጂኝ» አልሽ። ሰፈሩ «እናቷን ጣለች» ብሎ ሲያማኝ፣ ገበያ መሐል ቆመሽ «የጣለችኝ የለም፣ በእግሬ ነው የሄድኩት» ብለሽ አፋቸውን ያስያዝሽልኝም አንቺው ነሽ።

እቤት ሳለን ሥርዓታችን ትዝ ይልሻል? መጀመሪያ ሳህኑ፣ ከዚያ መርፌው። የስኳሩን መርፌ ይዤ ስመጣ ገንፎው ካልቀረበ ክንድሽን አትሰጪኝም ነበር። «ሆዴ ባዶ ነው፣ ሂጂልኝ» ትዪና በነጠላሽ ትጠቀለያለሽ። ሐኪሙ ያለን ያንኑ ነው፤ መርፌው ስኳሩን ስለሚያወርደው ወዲያው ካልበላሽ ትወድቂያለሽ ነበር ያለን። ይህን ፊደል ያልቆጠርሽው አንቺም አውቀሽዋል፣ እኔም አውቄዋለሁ። ለሥራ አስኪያጁም ለነርሷም የንስሐ አባትሽ ከጾም እንደፈቱሽ፣ በጠዋት መብላት እንዳለብሽ አንቺን ሳስገባ ነግሬያቸዋለሁ። «እሺ፣ አታስቢ» ነበር መልሳቸው።

የሆነውን የሰማሁት ልብስሽን ልወስድ የሄድኩ ቀን ነው። አጠገብሽ የሚተኙት እትዬ የውብዳር እጄን ይዘው አልጋቸው ላይ አስቀመጡኝና ነገሩኝ። አምና ፍልሰታ ሲገባ ማዕድ ቤቱ ጠዋት ጠዋት እሳት ማንደድ ትቶ ነበር። ሕፃን ልጅ እንኳ በሚጾምበት ሰሞን ለማን ብለው ያንድዱ? ምግብ የሚመጣው ቅዳሴ ሲወጣ፣ ከሰዓት በኋላ ሆነ። መርፌው ግን እንደ ወትሮው በማለዳ ይመጣል። ምግቡ በቤተ ክርስቲያን ሰዓት፣ መርፌው በነርሷ ሰዓት! ሁለቱን ሰዓት የሚያገናኝ አንድ ሰው ጠፋ።

የሞትሽ ዕለት ጉንፋን ጥሎሽ ተኝተሽ ነበር፤ እንደ ሌላው ቀን «መጀመሪያ ሳህኑ» ብለሽ ክንድሽን ለመከልከል አቅም አልነበረሽም። ነርሷ ወግታሽ ስትወጣ «ቁርሴስ?» ብለሽ ጠየቅሽ። እትዬ የውብዳር በጆሯቸው ሰምተዋል። «ቅዳሴ ይውጣ፣ እማማ» አለችሽና ሄደች። ከዚያ ላብ አጠመቀሽ፣ እጅሽ ተንቀጠቀጠ፣ የማይገባ ነገር መናገር ጀመርሽ። እትዬ የውብዳር ከነጠላቸው ጫፍ የቋጠሩትን ከረሜላ ፈትተው አፍሽ ውስጥ ሊያደርጉ ሲሉ፣ አንዲት የቤቱ አስታማሚ እጃቸውን ያዘቻቸው። «የስኳር በሽተኛ ናቸው እኮ፣ ሊገድሏቸው ነው? ከጾሙ ነው፣ ድካም ነው» አለች። እማዬ፣ በአንድ ከረሜላ፣ በአንድ ብርጭቆ የስኳር ውኃ ትተርፊ ነበር!

ደብረ ማርቆስ ወዳለች አንዲት ጠበቃ ዘንድ ሄድኩ። የነርሷን ጥፋት የጤና ባለሙያዎችን ሥነ ምግባር ለሚመረምረው አካል ማመልከት፣ በቸልተኝነት ሰው መሞቱን ለፖሊስ ማስታወቅ፣ መጦሪያ ቤቱንም በፍትሐ ብሔር መክሰስ እንደምችል አስረዳችኝ። አንዱ ሌላውን አይከለክልም አለች። አስከሬንሽ ሳይመረመር መቀበሩ ግን እንደሚጎዳን አልደበቀችኝም። እንደ አገሩ ደንብ በማግስቱ ቀበርንሽ፤ ማን ለምርመራ ይቆይ ብሎ ያስባል? ስለዚህ ነገሩ ምስክር ላይ ነው የሚንጠለጠለው። «ሐዘንሽ እስኪወጣልሽ ይርጋው አይጠብቅሽም፤ ለእርቅ ብለሽም ሳታሳዪኝ እንዳትፈርሚ» አለችኝ።

እውነትም ተዝካርሽ ሳይደርስ የመጦሪያ ቤቱ ሰዎች ሽማግሌ ላኩብኝ። መጥተው ደጃፍ ላይ ቆሙ፤ «እሺ ካላልሽ አንቀመጥም» አሉ። እኔም ቆምኩ። «ለተዝካሩ መጦሪያ ቤቱ በሬ ይጥላል፣ አንቺ ደግሞ ይቅር ብለሽ ትፈርሚያለሽ፣ ነገሩም በዚሁ ይቀራል» ነው ነገራቸው። «ምን ብለው አጠፋን አሉ?» ብዬ ጠየቅኩ። «አላጠፉም፤ እናትሽ ናቸው አልበላም ያሉት፤ ለሰላሙ ብለን ነው» አሉኝ። ካላጠፉ በሬው የምንድን ነው?

ልቤን እንዲያራሩላቸው ብለው የንስሐ አባትሽን ይዘዋቸው መጥተው ነበር። አባ እስከዚያ ድረስ ጋቢያቸውን ይዘው ቆመዋል። ይህን ሲሰሙ ግን ከሽማግሌዎቹ መሐል ወጡና እኔ አጠገብ መጥተው ቆሙ። «እኔ ራሴ ፈትቻታለሁ። ብይ ብያት እሺ ያለችኝ ልጄ ናት። በጾም አታሳብቡ፤ ጾም ሰው አይገድልም። ምስክር ከፈለጋችሁ እኔ አለሁ» አሉ። ሽማግሌዎቹ ሳይቀመጡ ሄዱ። ተዝካርሽን እኔና ጎረቤቶቼ በአቅማችን አወጣን፤ የነሱ በሬ ደጃችን አልደረሰም።

እትዬ የውብዳርም ይመሰክራሉ። እዚያው ቤት እየኖሩ፣ የሚጦሯቸው እነሱ ሆነው ሳለ! ቢያስወጡዎትስ ብላቸው «አንቺ ጋ እመጣለኋ፤ ጣሪያሽን አሠርተሻል አሉ» ብለው ሳቁብኝ። አልጋሽን አንጥፌ አስቀምጬላቸዋለሁ፤ ቅር እንደማይልሽ አውቃለሁ።

ባለፈው ሰሞን ልጠይቃቸው በጠዋት ሄጄ ነበር። ከማዕድ ቤቱ ጭስ ይወጣል። ለመድኃኒት የሚበሉ አሉ፣ የነሱ ቁርስ ነው አለችኝ አብሳይዋ። አንቺ ከሞትሽ ወዲህ በጾም ቀንም እሳቱ አይቀርም፤ አስቀድሞ ሳህኑ ይቀርባል፣ ነርሷ ከዚያ በኋላ ትመጣለች። ደስ አለኝ፣ እውነቴን ነው። ወጥቼ ግን አጥሩን ይዤ አለቀስኩ። አልበላም ብለሽ ከሆነ የሞትሽው፣ ታዲያ ይህ እሳት ለምን ነደደ? ጥፋታቸውን አውቀው ማዕድ ቤቱን አስተካከሉ፤ ስምሽን ግን እንዳጎደፉት ተዉት። እምቢ ብላ ነው የሞተችው እንደተባልሽ ቀረሽ።

ክሱ ገብቷል። ፍርድ ቤቱ ከክረምቱ እረፍት ሲመለስ እንቀርባለን። እረታለሁ ብዬ አልምልልሽም፤ ጠበቃዋም አላለችም። ግን አንቺን የረሳሁ ዕለት እኔም ልጅሽ አይደለሁም። ሥራ አስኪያጁ ጻድቅ ነበሩ ብሎ ሲጀምር፣ ተነሥቼ ጻድቅነትሽን አልከራከረውም። ያን ቀን ጠይቀሽ ማንም በወጉ ያልመለሰልሽን እዚያ ሁሉም በተሰበሰበበት ደግሜ እጠይቅልሻለሁ፦ ቁርሷስ?

ልጅሽ፣ ሙሉነሽ