የአያ ገብረማርያም ሳቅ

ውድ አያልነህ፣

ሰላም ነህ ወይ ብዬ ልጀምር አስቤ ተውኩት። የምትለጥፈውን ፎቶ አያለሁ፤ ቀዩን ምንጣፍ፣ አዲሱን ካፖርትህን፣ አንገትህ ላይ ያንጠለጠልከውን የፌስቲቫል ባጅ። ደህና ነህ። እኔ ግን ደህና አይደለሁም።

ጀርመን ላይ ስለ ጎርፉ የሠራነው ፊልማችን ሲያልቅ ሰው ቆሞ አጨበጨበ ብለኸኛል። ወረታም ሰው ቆሟል፤ እሱን ልንገርህ።

ፊልማችን ውስጥ ያሉት አያ ገብረማርያም በጥቅምት ማረፋቸውን ሰምተሃል። ያልሰማኸው፣ ለልቅሷቸው የሚያዝ አንድ ፎቶ እንኳ መጥፋቱን ነው። የነበረችው የመታወቂያቸው ፎቶ ብቻ ናት፤ እሷንም ርብ ወንዝ ሞልቶ ሩዛቸውንና ላማቸውን የወሰደ ጊዜ ከነሳጥኑ ወስዷታል። ለቀስተኛው ከፍ አድርጎ ይዞ የሚያለቅስበት ምስል አጣ። እኔም ምን እንደነካኝ እንጃ፣ ባለቤታቸውን እትዬ ሸዋነሽን "አይዞዎት፣ እኛ ጋ ፊልማቸው አለ" አልኳቸው።

በወጣት ማዕከሉ አዳራሽ የራሳችንን ፌስቲቫል አዘጋጀን፤ ፌስቲቫል ከተባለ፣ ፊልሙ ሦስት ብቻ ነው። ከባሕር ዳር የመጡ ዳኞች ከፊት ተቀምጠዋል። እትዬ ሸዋነሽ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው፣ መንደሩን ሁሉ አስከትለው ገቡ። አያ ገብረማርያም ሸራው ላይ ብቅ ሲሉ አዳራሹ ብድግ አለ። ደረት ተመታ፣ ሙሾ ወረደ። አንዱ ዳኛ ሙሾው ከፊልሙ የሚወጣ መስሎት ድምፁ ይቀነስ አለኝ። ወላሂ፣ እንደዚያ ቀን አፍሬም ኮርቼም አላውቅም።

ሰው ሲወጣ እትዬ ሸዋነሽ ከወንበራቸው አልተነሱም።

"ልጄ፣ ይሄ እንዳዘነ ጀምሮ እንዳዘነ የጨረሰ ሰው ነው። የእኔው እንዲህ አይደለም። ያን ቀን አንቺ ጭቃው ውስጥ ስትወድቂ የሳቀውን አሳዪኝ።"

ታስታውሳለህ አይደል? ሩዝ ማሳው ውስጥ እስከ ወገቤ ስሰምጥ ሆዳቸውን ይዘው፣ "አይ የነጋዴ ልጅ፣ እግርሽ የሱቅ ወለል ብቻ ነው የለመደ" ብለው ሳቁ። ማቆም አቅቷቸው ሚስታቸውን ተደገፉ። ላማቸው በጎርፍ ከተወሰደች ሳምንት እንኳ አልሞላም ነበር። አንተ "ንብረቱን ጎርፍ የወሰደበት ሰው ሲስቅ ካዩ የውጭ ፌስቲቫል ዳኞች አያምኑንም፣ አውጪው" አልክ። አወጣሁት። ኮምፒውተሩ ሞላ ስትለኝ ደግሞ ከነጭራሹ አጠፋሁት። ሁሉንም ባንተ ላላክክ ሞክሬ ነበር፤ አልሆነልኝም። በጭቃ ተለውሼ መታየቱን ጠልቼዋለሁ፤ ሳጠፋው ደስ ብሎኛል። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

ያጠፋሁት ይመለስ እንደሆነ ብዬ ኮምፒውተሩን ተሸክሜ ባሕር ዳር ጥገና ቤት ድረስ ሄድኩ። ላዩ ላይ ሌላ ተጭኖበታልና አይመለስም ብለው ሸኙኝ። ለእትዬ ሸዋነሽ ግን ምን አልኳቸው መሰለህ? "አያልነህ ጋ ነው፤ ሲመጣ ይዞት ይመጣል።" ያን ፊታቸውን እያየሁ ሌላ ቃል ከአፌ አልወጣ አለ።

አሁን ገበያ በወጡ ቁጥር ሱቃችን ይመጣሉ። አባቴ ወንበር ያወጣላቸዋል። ልጁ መቼ ነው የሚመጣ ይሉኛል፤ ለበዓል ይሆናል እላለሁ። የትኛው በዓል እንደሆነ ጠይቀውኝ አያውቁም። ባለፈው ቅዳሜ ዓይናቸው እየጠፋ መሆኑን ነገሩኝ። እኔ ስደነግጥ ጭራሽ እሳቸው አጽናኑኝ።

"ግድ የለም ልጄ፤ ባላየው እሰማዋለሁ።"

ና፣ አብረን እውነቱን እንንገራቸው ብዬ ሁለት ጊዜ ጽፌ ቀድጄዋለሁ። አያልነህ፣ አትምጣ። አላህ ይቅር ይበለኝ፣ እዚያው ከፌስቲቫል ፌስቲቫል ዙር። አንተ እስካልመጣህ ድረስ ለእሳቸው ሳቁ አለ።

ያጠፋሁት እኔ፣
ሰብሪና
ወረታ