«የሚሠራ ወደብ» ውስጥ በመሥራቱ ስለ ተባረረ ጀልባ

ለተከበሩ የወደባችን አስተዳደር ኃላፊ፣
ባሉበት

ከሁሉ አስቀድሜ የአክብሮት ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ የምዕራቡ ነፋስ ጉሮሮዎን፣ የሽሪምፕ ሽታም አፍንጫዎን እንዳይደፍር እመኛለሁ። እኔ መረብ ጠጋኟ ማትዬ ግሪንዊስ ነኝ፤ የምጽፈውም በወንድሜ በክራይን የሽሪምፕ ማጥመጃ ጀልባ ጉዳይ ምስጋና ለማቅረብ ነው።

አንደኛ፦ ወደባችንን «ታሪካዊ የሚሠራ ወደብ» አሰኝተው ሰሌዳ ስላሰቀሉልን እናመሰግናለን። በሳምንቱ የክራይን ጀልባ ከአያታችን ዘመን ጀምሮ ከሚያርፍበት ቦታ ተነሥቶ ከነዳጅ ማደያው ጀርባ እንዲቆም ታዘዘ፤ የሞተሩ ድምፅና የሽሪምፑ ሽታ ጎብኚዎች ታሪኩን እንዳያጣጥሙ አድርጓቸዋልና።

ሁለተኛ፦ በምትኩ ስላቆሙልን ባለ ሸራ መርከብ እናመሰግናለን። አይጮህም፣ አይሸትም፣ ዓሣም አያውቀውም። መረቡ የፕላስቲክ ጌጥ ስለሆነ የእኔንም ጣቶች አሳርፈውልኛል።

ሦስተኛ፦ በወደቡ በዓል ቀን ከአሥራ አንድ እንግዶች ጋር በዚያው መርከብ ለሽርሽር ስለ ወጡ እናመሰግናለን። ነፋሱ ዞሮ፣ መሪው ተሰብሮ፣ ማዕበሉ ወደ ድንጋዩ ግድብ ሲነዳችሁ እኔ ከዳር ቆሜ አያችሁ ነበር። ክራይን ጀልባውን አስነሥቶ ሲደርስ፣ ጸሐፊዎ ከዳር ሆነው «ፈቃድ የለህም! እዚህ መግባት ክልክል ነው!» እያሉ ይጮኹ ነበር። እሱ ግን ዞርም አላለም፤ ሲቀርጽ ለነበረው እንግዳ «አንተ ሰውዬ! ስልኩን ኪስህ ክተትና ገመዱን ያዝ!» ብሎ ወረወረለት። መዳፉ በገመድ ተልጦ ሁላችሁንም መሬት አደረሳችሁ። አንዲት ባልቴት አንገቱ ላይ ተጠምጥመው ሲያለቅሱ፣ ስለ ሽታው አንዳች አልተነፈሱም።

አራተኛ፦ በማግስቱ ስለ ላኩለት ደብዳቤ። ክራይን ምስጋና መስሎት መነጽሩን አድርጎ ጮክ ብሎ አነበበልኝ፤ ያለ ፈቃድ ወደ ታሪካዊው ወደብ በመግባቱ የተሰጠ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ነበር። ወረቀቱን አጥፎ «ማትዬ፣ ለእነዚህ እኮ እኔ ሰው አይደለሁም፣ ሽታ ነኝ» አለኝ። ከእናታችን ቀብር ወዲህ ሲያለቅስ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ሰኞ ጀልባውን ይዞ ወደ ማዶው ወደብ ሄደ፤ የቀሩት ሦስት አጥማጆችም ተከተሉት።

ያተረፉትን ጸጥታ ያብዛልዎ እያልኩ፣ ሥራ ባጡ ጣቶቼ በታላቅ አክብሮት ፈርሜያለሁ።

ማትዬ ግሪንዊስ

ማሳሰቢያ፦ የነፍስ አድን ጀልባችን ስድስት በጎ ፈቃደኞች ነበሩት፤ አራቱ እነዚሁ የሄዱት አጥማጆች ናቸው። ስለዚህ ለመስጠም ያሰቡ እንግዶችዎ ከአሥር ቀን በፊት በጽሑፍ እንዲያመለክቱ በትሕትና ይንገሩልን።