ኩል የተቀባችው እግር

ይድረስ ለወንድሜ ለላሊ። አሰላሙ አለይኩም። እንደምን አለህ? ጤናህስ? ያ የወገብህ ነገር ተሻለህ ወይስ አሁንም ገመድ በሳብክ ቁጥር እንደ ሽማግሌ ታቃስታለህ? እኛ ሁላችንም ደህና ነን፤ አልሐምዱሊላህ። ሁላችን ስልህ ልጅህንም ጨምሬ ነውና የሚቀጥለውን ስታነብ እንዳትደነግጥ። ስልክህ ከጠፋ ሃያ ስድስት ቀኑ፤ የመርከብ አለቃው ናኾዳ ፋማው አንተ ወዳለህበት ወደ ሙስካት ሊነሳ ነው ሲሉኝ ሮጬ ወረቀት ገዛሁ።

ዘይቱና ሴት ልጅ በሰላም ተገላገለች። አፍንጫዋ ያንተው ነው፤ ምን ይደረግ። እማዬን መቼም ታውቃታለህ፤ እትብቷ ሳይደርቅ ኩሏን አውጥታ ግንባሯን፣ መዳፏን፣ እግሯን እስከ ጣቶቿ ለቀለቀቻት፤ የሰው ዓይን እንዳይነካት። ከንፈሯ ጠቆር ሲልብን እንኳ ‘የአባቷ ወገን ነች’ ብለን ሳቅን።

በማግስቱ ከሆስፒታሉ ልንወጣ ስንል አዋላጇ ሃሊማ እግሯ ላይ መብራት ያላት ትንሽ ማሽን አሰረች። በደሟ ውስጥ ያለውን አየር ትለካለች አሉ። ዘጠና አምስት መሙላት ሲገባው ሰማንያ ሁለት አለ። እኔ አዋቂዋ ‘እህቴ፣ ኩሉ ነው የጋረደብሽ’ አልኳት። እማዬም በኮኮነት ዘይት ፈትጋ አጠበችው። ቁጥሩ ግን ያው ሰማንያ ሁለት፤ ከኩሉ ስር የወጡት ጣቶችም ሰማያዊ ነበሩ። ላሊ፣ ሃሊማ ሐኪሙን ልትጠራ ሮጠች።

ሐኪሙ ደረቷን አዳመጠ። ከዚያ ደም ከልብ ወደ ሳንባ የሚያልፍበት በር ሳይጣበቅ አልቀረም አለን። እስካሁን ያቆያት ከማኅፀን ይዛው የመጣች ትንሽ መተላለፊያ ናት፤ እሷም በተወለዱ በጥቂት ቀን ትዘጋለች። እንዳትዘጋ መድኃኒት በደም ሥሯ እያንጠባጠቡ በዚያው ቀን በአውሮፕላን ናይሮቢ ወሰዱን።

ናይሮቢ ልቧን በአልትራሳውንድ አይተው ያንኑ አሉ። ዘይቱና የሕክምናውን የፈቃድ ወረቀት ፈረመች። እኔ ደግሞ ‘ለወንድሜ ምን ብዬ እጽፍለታለሁ’ እያልኩ ኮሪደሩን ስመላለስበት ዋልኩ። እማዬ አንድ ጥግ ተቀምጣ ‘ኩሌ ነው የሸፈነባት፣ እኔው ነኝ የገደልኳት’ ትላለች። ሐኪሟ ወጥታ አጠገቧ ተቀመጠች። እንደነገረችን፣ በልጅቷ ብሽሽት ደም ሥር ቀጭን ቱቦ አስገብተው፣ ጫፉ ላይ ያለችውን ፊኛ በሩ ውስጥ ነፍተው ከፈቱት፤ ደረቷ እንኳ አልተነካም። ‘እናቴ፣ ኩል በሽታ አያመጣም። ጣቶቿን ፈትገው ያሳዩስ እርስዎ አይደሉ?’ አለቻት። እማዬ እጇን ይዛ አለቀሰች፤ እኔም አለቀስኩ፤ ደስ ብሎኝ።

ትናንት ቤታችን ገባን። ዘጠና ሰባት ናት! ጡት ስትጠባ ብታያት ዕዳ የምታስመልስ ትመስልሃለች። በየሦስት ወሩ ለምርመራ እንመልሳታለን። እማዬ እንደገና ኩሏን ስታወጣ ልትጠይቀን የመጣችው ሃሊማ ‘ግራው እግር የእርስዎ፣ ቀኙ የእኔ ማሽን’ ብላ አስታረቀች።

ስም የሚወጣበት ሰባተኛ ቀኗ ሆስፒታል ውስጥ አለፈ። ስም እናውጣ ብንላት ዘይቱና ‘የመጀመሪያ ልጁ ናት፣ አባቷ ይሰይማት’ ብላ እምቢ አለች። እስካሁን ‘አንቺ’ እያልን ነው የምንጠራት።

ዘይቱና ናፍቆቷን ትልክልሃለች። የእማዬ ዱዓ አይለይህ። አጎት ኮምቦም ‘ጀልባዬን መቼ ነው የምትጠግንልኝ’ ይልሃል። መርከበኞቹን ሁሉ ሰላም በልልኝ።

እህትህ ሳውሙ
ላሙ፣ ረጀብ 12 ቀን 1440

ከዚህ በታች ያለው ጥቁር ነገር ቀለም ፈሶብኝ እንዳይመስልህ። የልጅህ ግራ እግር ነው። አምስቱንም ጣቶች ቁጠርና ስሟን ላክላት።