የአባባ ባትሪና ባዶው ድንጋይ

ውድ እታለም፣

«እንደምን ከርመሻል» ብዬ ብጀምር ይህም ደብዳቤ እንደ ሌሎቹ ይሆናል፤ አንቺም እንደ ሌሎቹ በጨረፍታ አይተሽው «ደህና ነኝ፣ አታስቢ» የምትለዋን መስመርሽን ትመልሺልኛለሽ። ስለዚህ ሰላምታውን ለመጨረሻ አቆየሁት። መጀመሪያ ወሬውን ልንገርሽ፦ የአባባ የእጅ ባትሪ በራች። ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ፣ ማክሰኞ ከሰዓት፣ የስፌት መኪናዬ ጠረጴዛ ላይ፣ በእኔ በልብስ ሰፊዋ እጅ በራች።

ስትስቂ ይሰማኛል። «አንቺ? ሶኬት ስትነኪ ዓይንሽን የምትጨፍኚው?» አዎ፣ እኔው ነኝ። አሁንም እጨፍናለሁ።

ያስጀመረኝ ባለፈው ሳምንት የላክሽው መልእክት ነው። «በወሩ መጨረሻ ለሥራ በእናንተ ከተማ አልፋለሁ። አንድ ቀን እቆያለሁ፣ ቤት ግን አልመጣም። አባባ ሰላም ይሁንልኝ።» «በእናንተ ከተማ» አልሽ። የተወለድሽበትን ከተማ ለእኛ ትተሽልን ሄደሻል ማለት ነው። ያን ቀን የሰው ቀሚስ እጅጌ ገልብጬ ሰፋሁ፤ ፈታሁት፣ እንደገና ገልብጬ ሰፋሁት። በሦስተኛው መቀሱን አስቀመጥኩና መሳቢያውን ከፍቼ ባትሪዋን አወጣኋት።

ታስታውሻታለሽ አይደል? ከመዳፍ የማትበልጥ፣ ሁለት ቀጫጭን የባትሪ ድንጋይ የምትጎርስ፣ አንገቷ ላይ ቀለሟ በአባባ አውራ ጣት የተላጠ። እማማ ካረፈች በኋላ ቤት የሚጠብቀን ሰው ስላልነበረ ከትምህርት ቤት በቀጥታ አባባ የሚሠራበት ሲኒማ ቤት ነበር የምንሄደው። የመጨረሻው ረድፍ፣ ከግድግዳው ጥግ ያሉት ሁለት ወንበሮች የእኛ ነበሩ። አባባ በጨለማ ለሚገባው ሰው ወንበር ያሳያል፤ እኛ ደግሞ አባባን እናያለን። ፊልሙንማ ስንቴ አይተነው፣ ማን ከቁም ነገር ይቆጥረዋል?

አባባም ቢሆን አይታይም ነበር። ጥቁር የሥራ ልብሱ ጨለማው ውስጥ ይጠፋል። የምትታየው ወለሉ ላይ የምትሄደው ብርሃን ብቻ ናት። ሁለት ጣቶቹን መስተዋቷ ላይ ስለሚያደርግ ቀላ ብላ ትወጣለች። የሰውየውን እግር ትቀድማለች፣ ደረጃ ጋ ስትደርስ ሁለቴ ብልጭ ትላለች፣ ወንበሩ ሥር ትቆማለች፣ ትጠፋለች። እንቅልፍ ሲጫጫነኝ ብቻዋን የምትዞር ይመስለኝ ነበር፤ ልክ እንደ ቤት ድመት። አሁንም በሕልሜ የምትመጣው እንዲያ ሆና ነው። ሰው የለም፣ ፊልም የለም፣ ወንበሩ ሁሉ ባዶ ነው፤ እሷ ግን ሥራዋን አላቆመችም። ከኋላዋ እከተላታለሁ፣ የት እንደምታደርሰኝ ሳላይ እነቃለሁ።

አንድ ቀን «አባባ፣ ለምን ፊታቸው ላይ አታበራም? ማን እንደመጣ ታያለህ» ብለሽው ነበር። ጎንበስ ብሎ በሹክሹክታ የመለሰልሽን አልረሳሁትም።

«ዘግይቶ የመጣ ሰው መዘግየቱን ራሱ ያውቃል። ፊቱ ላይ ካበራሁበት አፍሮ ይመለሳል። እግሩ ሥር ካበራሁለት ግን ይገባል።»

አሁን ወደ ነገሩ ልግባ።

ሬዲዮና ስልክ መጠገኛ ቤት ሥራ የጀመርሽ ጊዜ አባባ «መሐንዲሷ» ይልሽ ጀመር፤ እኔ በሃያ ዓመቴም «ትንሿ» እንደሆንኩ ቀረሁ። አንድ ማታ ቻርጅ የሚደረጉ ሁለት የሊቲየም ድንጋዮች ይዘሽ መጣሽ። በቁመትም በውፍረትም ከባትሪዋ ድንጋዮች አይለዩም። አባባን በየሳምንቱ ድንጋይ ከመለወጥ ልትገላግዪው ነው። ቻርጀሩ ላይ ሰካሻቸውና ጣትሽን ቀሰርሽብኝ።

«መልካቸው እንዳያታልልሽ። የአንዱ ጉልበት ከሁለቱ አሮጌ ድንጋዮች ይበልጣል። የሚገባው አንድ ብቻ ነው፤ አንዱ ሲሠራ አንዱ ቻርጅ ይደረጋል። በጎደለው ቦታ ባዶ ድንጋይ ሠርቼ አስገባለሁ፣ አምፖሉንም ይህን ጉልበት በሚችል እቀይረዋለሁ። እስከዚያ እንዳትነኪ!»

ነካሁ። አንቺ በማግስቱ ሥራ ሄደሽ፣ አባባ ለከሰዓቱ ፊልም ሸሚዙን እየተኮሰ ነበር። ለአንድ ቀን እንኳን እኔ ቀድሜ ደስ ላሰኘው ፈለግኩ፤ ሌላ ምክንያት አልነበረኝም። አንዱ እንዲያ ከበረታ ሁለቱ ምን ሊሆኑ ነው ብዬ ሁለቱንም አስገባሁ፣ ክዳኗን ጠመዘዝኩ፣ ተጫንኳት። እታለም፣ እንደዚያ ያለ ብርሃን ከዚያ በፊትም በኋላም አላየሁም። ጓዳው ውስጥ ያለው ነገር ሁሉ፣ የምስማሩ ጥላ ሳይቀር፣ ግድግዳው ላይ ወጣ። ዓይኔን ሳልከድን ጠፋ። አምፖሉ ውስጡ ከሰል መስሎ ቀረ።

ድንጋዮችሽን ቻርጀሩ ላይ መለስኩ፣ የድሮዎቹን አስገባሁ፣ ባትሪዋን የአባባ ኮት ኪስ ውስጥ ከተትኳት። አዳራሹ በር ላይ መዳፉ ላይ አብርቶ ሳይፈትሻት ገብቶ አያውቅም፤ መቃጠሏን እዚያ ያያል፣ ሌላ ይሰጡታል አልኩ። ያን ቀን ግን አውቶቡሱ ተበላሽቶ ዘገየ። ፊልሙ ጀምሯል፣ ሰው በሩ ላይ ተኮልኩሏል። ሳይፈትሻት ገባ። ደረጃው ራስ ላይ ተጫናት፣ አልበራችም፤ እግሩ ባዶ ረገጠና አምስት ደረጃ ተንከባለለ።

ቀሪውን ታውቂዋለሽ፤ እኔ የማውቀውን ግን ጽፌው አላውቅም። አባባ እግሩ በጄሶ ታስሮ አልጋ ላይ ሆኖ ባትሪዋን ፈታ፣ አምፖሉን አየ፣ ወደ አንቺ ዞረ። «ያንቺ ፈጠራ ነው እግሬን የሰበረው» አለሽ። አንቺ አምፖሉን ተቀበልሽው፣ ወደ መስኮቱ አስጠግተሽ አየሽው። ከዚያ እኔን አየሽኝ፤ አንዴ ብቻ። «እኔ ነኝ» ለማለት ሁለት ቃል ይበቃኝ ነበር። አላልኩም። አንቺ ግን «ይቅርታ አባባ» አልሽ፤ የእኔን ጥፋት በሁለት ቃል ተሸከምሽልኝ።

ከዚያ ወዲያ «መሐንዲሷ» ብሎ አልጠራሽም። እግሩ እስኪጠና ሲኒማ ቤቱ ሌላ ሰው ቀጠረ፤ አባባም ኩርፊያውን ሁሉ አንቺ ላይ አወረደ። አንቺም በዓመቱ ሩቅ ከተማ ሥራ አገኘሁ ብለሽ ሻንጣሽን ዘጋሽ። «ታላቅሽ ምነው ጠፋች?» ለሚለኝ ሰው ዓይኔን በጨው አጥቤ «ሥራ በዝቶባት ነው» እላለሁ። አሥር ዓመት ሙሉ እንዲህ አልኩ።

አባባ ዓይኑ ደክሟል። የዓይን ሐኪሟ ብርሃንና ጥላ እንደሚለይ፣ ሰውን ለመለየት ግን ፊቱን ማስጠጋት እንዳለበት፣ ይህችም የቀረችው ዕይታ ብትሆን ዓመት ላትቆይ እንደምትችል ነገረችን። የሕንፃችን ደረጃ መስኮት እንደሌለው ታውቂያለሽ፤ አሁን ደግሞ መብራቱ ተቃጥሎ የሚቀይረው ጠፍቷል፤ በቀትር ድቅድቅ ጨለማ ነው። አባባ ከሰዓት ከሰዓት ወንበሩን አውጥቶ ሦስተኛ ፎቅ ደረጃው ራስ ላይ ይቀመጣል። ኮቴ ሲሰማ «በቀኝ በኩል ያዙ፣ ሰባተኛዋ ተሸርፋለች» ይላል። የታችኛዋ ጎረቤታችን «ጋሼ፣ ዛሬ ምን ፊልም ይዘዋል?» ትለዋለች። «የቆየ ነው፤ ተጀምሯል፣ ግቢ ግቢ!» ይላታል። ሁሉም ይስቃል። እኔ ግን አውራ ጣቱን አየዋለሁ፤ ባዶ እጁን እየተጫነ ነው።

መሳቢያው ውስጥ ከባትሪዋ ጋር ደብተርሽ ነበር። ሥዕሉ አለ፤ አንድ ሊቲየም፣ አንድ ባዶ፣ ከሦስት እስከ አራት ቮልት ተኩል የሚችል አምፖል። ድሮ ወደምትሠሪበት መጠገኛ ቤት ይዤው ሄድኩ። ሽማግሌው ጠጋኝ ጽሕፈትሽን ገና ሲያየው ለየው። የድሮ ድንጋዮችሽን በመሣሪያው ለክቶ «እነዚህ ሞተዋል፣ በጭራሽ እንዳታስገቢያቸው» አለና አዲስ አንድ ድንጋይና ትንሽ አምፖል መረጠልኝ። «ባዶውን ግን ራስሽ ሥሪው፤ የልብስ ሰፊ እጅ ልኩን አይስትም» ብሎ አሾፈብኝ።

ከመጥረጊያ እንጨት ቆረጥኩ። መሀሉን ከጫፍ እስከ ጫፍ በሳሁና ኤሌክትሪኩ እንዲያልፍ የናስ ዘንግ አሳለፍኩበት። በሜትሬ ለካሁት፣ እንደ አሮጌው ድንጋይ ልክ አምስት ሳንቲ ሜትር ነው። ባትሪዋ ግን አልዘጋ አለችኝ። ለካ አዲሱ ድንጋይ ጭራው ላይ ከመቃጠል የሚጠብቀው መከላከያ ስላለው በሦስት ሚሊ ሜትር ይረዝማል። ስንቱን የወፈረ ደንበኛ ጠባብ ሱሪ ውስጥ ያስገባሁ ሴት በሦስት ሚሊ ሜትር ልሸነፍ? እንጨቱን በብርጭቆ ወረቀት፣ ናሱን በሞረድ እየቀነስኩ ግማሽ ቀን ፈጀሁ። ስቀንስ ስቀንስ ሐሳብ ወሰደኝ። እኔስ በአንቺ ቦታ ተቀምጬ ከእሱ ወደ አንቺ፣ ከአንቺ ወደ እሱ ሰላምታ ከማሳለፍ በቀር ምን ሠራሁ? የራሴን አንዲት ነገር ሳልናገር።

ክዳኗ ገጠመ። እንደ ልማዴ ዓይኔን ጨፍኜ ተጫንኳት። በተከደነው ዓይኔ በኩል ቀይ ብርሃን ገባ፤ በአባባ ጣቶች መሀል ይወጣ የነበረው ያው ቀይ። ዓይኔን መግለጥ አልፈለግኩም። የመጨረሻው ረድፍ ላይ ነበርኩ፣ አንቺም አጠገቤ ነበርሽ።

ወጥቼ እጁ ላይ አደረግኳት። አውራ ጣቱ የተላጠውን ቦታ ወዲያው አገኘው። ሁለት ጣቱን መስተዋቷ ላይ አድርጎ ወለሉ ላይ አበራ፤ ብዙ ቆየ።

«ማን ሠራት?»

«እኔ።»

«መሐንዲሷ አስተምራሽ ነው?»

በአሥራ አንድ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ! ከዚያ በኋላ መደበቅ አልቻልኩም። ደረጃው ላይ እግሩ ሥር ተቀምጬ ሁሉንም ዘረገፍኩለት። ባትሪዋን አጠፋት።

«እሷ ታውቅ ነበር?» አለኝ።

«አምፖሉን ስታይ ገባት። ሁለቱን አንድ ላይ የማስገባት ሞኝ እኔ ብቻ ነኝ።»

«ያን ሁሉ ስላት… ዝም አለች?»

«ዝም አለች፣ አባባ።»

ሁለት ቀን አላነጋገረኝም። አልፈረድኩበትም። በሦስተኛው ቀን ከደረጃው ላይ ጠራኝ። የታችኛዋ ጎረቤት እየወጣች ነበር፤ እግሯን በብርሃን ቀደመላት፣ ሰባተኛዋ ላይ ሁለቴ ብልጭ አደረገላት፣ እስክትገባ ጠበቀ።

«ወሩ ሊያልቅ ስንት ቀን ቀረው?» አለኝ።

«ዘጠኝ።»

«ጻፊላት።»

«ምን ብዬ?»

ፊቱን ወደ እኔ አስጠጋ፤ ለካ እያለቀሰ ነበር።

«ዘግይቼ የመጣሁት እኔ ነኝ በያት። ፊቴ ላይ እንዳታበራብኝ ለምኚልኝ።»

እታለም፣ ከዚህ የምጨምረው የለኝም። እኔንም ይቅር በይኝ አልልሽም፤ እሱን መጥተሽ ፊት ለፊት ትወስኚዋለሽ። በዋናው በር ግቢ፣ በቀኝ በኩል ያዢ። መጥራት አያስፈልግሽም፣ ኮቴሽን ያውቀዋል። ሰባተኛዋ ላይ ብርሃኗ ሁለቴ ብልጭ ትልልሻለች። ለአንቺ ሁለተኛ ወንበር አውጥቼ አጠገቡ አስቀምጫለሁ፤ ጎረቤቶች እንዲቀመጡበት እንኳን አይፈቅድም፣ «ተይዟል» ይላል።

ያቆየሁት ሰላምታ ይኸው፦ እንደምን ከርመሻል?

መልሱን በደብዳቤ አልቀበልም።

አምፖሉን ያቃጠልኩት እኔ ነኝ፣
ትንሿ